ወንድሜ የሚወስደውን ትራማዶል በአንድ ጊዜ ላስጥለው እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ታላቅ እኅት
ታናሽ ወንድሜ በመኪና አደጋ ወገቡን ተጎድቶ ስለነበር ሐኪም ትራማዶል አዘዘለት። ሕመሙ ከተሻለው ቆይቷል፤ መድኃኒቱን ግን አልተወም። ማዘዣው ካበቃ በኋላ ከሰው እየገዛ መጠኑን በራሱ ፈቃድ ሲጨምር እንደቆየና ማታ ማታም እንቅልፍ እንዲወስደው ዳያዜፓም እንደሚደርብበት ደርሼበታለሁ። ኪሱ ውስጥ ባገኘሁት እሽግ ላይ የአምራቹ ስምም ሆነ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የለም፤ ፍሬዎቹም ገና በጣት ሲነኩ ይፈረፈራሉ። ሁሉንም ሰብስቤ ልደፋበት አስቤ ነበር፤ እርሱ ግን «አንድ ቀን ካለፈኝ ላብ ያጠምቀኛል፣ ያንቀጠቅጠኛል» ስላለኝ ፈራሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ የፋርማሲ ባለሙያ
እባክዎ አይድፉበት፤ መፍራትዎ ትክክል ነው። ትራማዶል ኦፒዮይድ ከሚባሉት፣ እንደ ሞርፊን ካሉት መድኃኒቶች ወገን የሆነ የሕመም ማስታገሻ ሲሆን፣ በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን በተባሉት ንጥረ ነገሮች ላይም ስለሚሠራ፣ በድንገት ሲቋረጥ ከላብ፣ ከተቅማጥና ከእንቅልፍ ማጣት አልፎ ከባድ ጭንቀትና መደናገር ሊያስከትል ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዳያዜፓሙ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወስደው የቆየ ሰው በአንድ ጊዜ ካቆመ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊይዘውና ሕይወቱንም ሊያሳጣው ይችላል። ሁለቱም በሐኪም ክትትል፣ መጠናቸው ቀስ በቀስ እየተቀነሰ መቆም አለባቸው።

መጨመሩም የራሱ አደጋ አለው። ለአዋቂ ሰው የተለመደው የትራማዶል ጣሪያ በቀን 400 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ መንፈራገጥ የማስከተል ዕድሉ ይጨምራል። የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ለሐኪሙ ሳይደበቅ ይነገር፤ አንዳንዶቹ ከትራማዶል ጋር ሲገናኙ ሴሮቶኒንን ከመጠን በላይ ከፍ ያደርጋሉ።

አስተያየት፦ ቆራጥ
እኔ ግን አልስማማም። ሱስ የፈቃድ ድክመት ነው፤ ቤት ዘግቶበት ጥቂት ቀን ቢታገሥ ይወጣለታል።

መልስ፦ የድንገተኛ ክፍል ነርስ
ከላይ የተሰጠውን ምክር እንዳይከተሉ አጥብቄ እለምናለሁ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ መንፈራገጥ የያዘውን ሰው ማን ያነሣዋል?

ሐኪም ዘንድ እስኪቀርብ ድረስ ሌሊቱን ይጠንቀቁ። ትራማዶልና ዳያዜፓም አንድ ላይ ሲወሰዱ ትንፋሽን ያዳክማሉ፤ አልኮል ከታከለበት ደግሞ የባሰ ነው። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚነግረን «ሲያንኮራፋ ሰምተን ተኝቷል ብለን ተውነው» የሚል ነው። ከወትሮው የተለየ፣ እንደ መንኮርኮር ያለ ከባድ ማንኮራፋት ከሰሙ፣ ትንፋሹ ረጅም ጊዜ እየቆየ ከመጣ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ተጠርቶና ተነቅንቆ ካልነቃ፣ ሳይዘገዩ አምቡላንስ ይጥሩና በጎኑ ያስተኙት። ቀዝቃዛ ውኃ አይድፉበት፣ ቡና አያጠጡት፣ እንዲያስታውክም አያስገድዱት። ናሎክሶን የተባለው ማርከሻ ከተገኘ የትራማዶሉን ውጤት በከፊል ይመልሳል፤ ለዳያዜፓሙ ግን አይሠራም፤ ኃይሉም ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ስለሚያልቅ ነቃ ተብሎ ሐኪም ቤት መሄድ አይቀርም።

መልስ፦ አስታማሚ
ባለቤቴን በዚሁ መንገድ ስላስታመምኩ አንድ ነገር ልጨምር። ሐኪሙ ሁለቱን መድኃኒቶች አንድ ላይ አልቀነሰለትም፤ አንዱን ይዞ ሌላውን አስቀደመ፣ ሲከብደውም መጠኑን ባለበት ያቆየው ነበር። ነገሩን ለወንድምዎ ሲያነሡበትም ጠዋት፣ ረጋ ባለ ሰዓት ቢሆን ይሻላል፤ ማታ መድኃኒቱን በሚጠብቅበት ሰዓት የተጀመረ ንግግር በጭቅጭቅ ነው የሚያልቀው።

መልስ፦ የፋርማሲ ባለሙያ
ያንን ስም አልባ እሽግ ለሐኪሙ ያሳዩት። በሕገ ወጥ መንገድ የሚሸጥ ፍሬ ላዩ ትራማዶል ቢመስልም ውስጡ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በተለያዩ አገሮች በሐሰተኛ ክኒኖች ውስጥ ከሞርፊን እስከ 100 እጥፍ የሚበረታው ፌንታኒል፣ እንዲሁም ኒታዚን የሚባሉት ሰው ሠራሽ ኦፒዮይዶች ተገኝተዋል። በአንድ እሽግ ውስጥ ያሉ ሁለት ፍሬዎች እንኳ እኩል መጠን ላይኖራቸው ስለሚችል፣ «ትናንት ምንም አላደረገኝም» የሚለው ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ትራማዶል ከፓራሲታሞል ጋር ተቀላቅሎ የሚመረትበትም ጊዜ አለ። እንዲህ ያለውን የሚደራርብ ሰው በቀን ከ4 ግራም በላይ ፓራሲታሞል ሳያውቅ ሊወስድና ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል፤ በመጀመሪያው ቀን የጎላ ምልክት ላይታይ ስለሚችል ሕመም እስኪሰማው አይጠበቅም። የፓራሲታሞል ማርከሻ፣ መድኃኒቱ ከተዋጠ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው እጅግ የሚጠቅመው።

ጥያቄ፦ ታላቅ እኅት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጠዋት አነጋግሬው አብረን ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ተስማምቷል። የተረፉትን ፍሬዎች ምን ላድርጋቸው?

መልስ፦ የፋርማሲ ባለሙያ
ሐኪሙ መጠኑን እስኪወስን ድረስ ቆልፈው እርስዎ ይያዟቸው፤ ቀጥሎ የሚወስደው በማዘዣ የተሰጠውን ብቻ ይሁን፤ የቀረውን ወደ ፋርማሲ ይመልሱት። ከቆመ በኋላ በመሳቢያም ሆነ በቦርሳ አንድም ፍሬ እንዳይቀር ይፈትሹ፤ ሰውነቱ ልማዱን ስለሚተው፣ ቀድሞ ይችለው የነበረው መጠን ያን ጊዜ ሊገድለው ይችላል።