ኤንጂሲ 2261 ላይ ያየሁት ጥቁር ሰረዝ የኔቡላው ነው ወይስ የእኔ ስህተት?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ከቤቴ ጣሪያ ላይ ሆኜ የሀብል ተለዋዋጭ ኔቡላ የሚባለውን የጠፈር አቧራና ጋዝ ደመና፣ ኤንጂሲ 2261ን፣ በ8 ኢንች ቴሌስኮፕ ሁለት ጊዜ ፎቶ አንሥቻለሁ፤ መጀመሪያ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ከዚያም ጥር መጨረሻ ላይ። በመጀመሪያው ምስል የማራገቢያ ቅርጽ ያለው ብርሃን ሙሉ ነበር። በሁለተኛው ግን ጫፉ ላይ ካለው ኮከብ የሚነሣ ጥቁር ሰረዝ ይታያል። በሁለተኛው ሌሊት የከተማው መብራት እንዳያስቸግረኝ የሃይድሮጅንን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ገጥሜ ነበር።

መልስ 1፦
ማጣሪያውን መግለጽዎ ጠቅሞናል። ይህ ኔቡላ በአብዛኛው የሚታየው አር ሞኖሴሮቲስ የተባለውን ወጣት ኮከብ ብርሃን አቧራው ስለሚያንጸባርቅ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ማጣሪያ ከከተማው መብራት ጋር የኔቡላውንም ብርሃን አብዛኛውን ያስቀራል፤ ደብዛዛው ክፍል ሲጠፋም ክፍተቱ ሰረዝ ሊመስል ይችላል። ያም ሆኖ ያዩት ነገር የማይሆን አይደለም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሀብል እ.ኤ.አ. በ1916 ስለ መለዋወጡ የጻፈው በተለያየ ጊዜ የተነሡ ፎቶዎችን አነጻጽሮ ነው። ለኮከቡ በጣም የቀረቡ ወፍራም የአቧራ ደመናዎች ሲያልፉ ጥላቸው ኔቡላው ላይ ያርፋል ተብሎ ይታመናል። የኔቡላው አቧራ በሳምንታት ውስጥ ያን ያህል ቦታ አይለቅም፤ ኩራዝ አጠገብ ጣት ሲንቀሳቀስ ግድግዳው ላይ ጥላው እንደሚሮጥ ሁሉ፣ የሚሄደው ጥላው ነው።

መልስ 2፦
እኔም ከሐይቁ ዳር ስለማነሣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጤዛን ነው። ሆኖም ጤዛ ከዋክብቱን ሁሉ ያደበዝዛል እንጂ አንድ ኔቡላ ውስጥ ብቻ ሰረዝ አያሰምርም። በሁለቱም ምስሎች በዙሪያው ያሉትን ደብዛዛ ከዋክብት ይቁጠሩ፤ በሁለተኛው ቁጥራቸው ካነሰ ሰረዙን አይመኑት። ደግሞስ ማጣሪያ ምን ያደርግልዎታል? ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ኔቡላው ከአናታችን 3 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቆ ያልፋል፤ በዚህ ሰሞን ይህ የሚሆነው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ የከተማው ብርሃን የሚብሰው ከአድማሱ አጠገብ ነው። ጫፉ ነጭ ሆኖ እንዳይቃጠል አጫጭር ፍሬሞችን (ነጠላ ፎቶዎችን) አብዝተው ያንሡ፤ የፍሬሙን ርዝመትና የምስል ማስተካከያውንም በየሌሊቱ አይለዋውጡ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ያለ ማጣሪያ 30 ሰከንድ የሚረዝሙ 120 ፍሬሞችን አነሣሁ። በታኅሣሡ ምስል ያሉት ደብዛዛ ከዋክብት ሁሉም አሉ። ሰረዙም አለ፤ ነገር ግን ማጣሪያው ካሳየኝ በጣም የጠበበ ነው። ጨረቃ ሳትገባበት በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሰዓት እደግመዋለሁ።