የልብ ምት መዛባትን ደሴ ላይ ሆኖ በቤተ ሙከራ ማጥናት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ከቶሳ ግርጌ

ሰላም ለሁላችሁም። በፊዚዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዬን የምማር የደሴ ልጅ ነኝ፤ የመመረቂያ ጥናቴን ርዕስ በዚህ ወር መጨረሻ ማስገባት ይጠበቅብኛል። የልብን ምት ለማጥናት የፈለግሁት በእናቴ ምክንያት ነው። በልጅነቷ እየተመላለሰ ያመማት የነበረው የጉሮሮ ሕመም በጊዜው ባለመታከሙ የሚትራል ቫልቭ (በግራው የላይኛና የታችኛ የልብ ክፍል መካከል ያለው በር) ጥበት አስከትሎባታል፤ ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የምት መዛባት ተጨምሮባታል። ሌሊት አጠገቧ ሆኜ አንጓዋን ስይዝ ሁለትና ሦስት ምት ተከታትሎ ይመጣል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ጣቴ በጭንቅ የሚሰማው አንድ ደካማ ምት ይመጣል፤ ቀጣዩን መቼ እንደሚመጣ ገምቼ አግኝቼው አላውቅም።

አማካሪዬ ይህ መስክ አገራችን ውስጥ የማይገኝ መሣሪያ የሚጠይቅ ስለሆነ ሌላ ርዕስ እንድፈልግ ነግረውኛል። እኔ ግን ሁለት ነገር ሳልጠይቅ መተው አልፈልግም። አንደኛ፣ በፍየልና በጥንቸል ልብ ላይ የሚሠራው ምርምር እንደ እናቴ ላለ ሕመምተኛ በእውነት የሚፈይደው ነገር አለ? ሁለተኛ፣ እዚሁ ደሴ ላይ ሆኖ በቅን ሊሠራ የሚችል ነገር ይኖራል?

መልስ፦ የቦርከና ልጅ

አብሽር ወንድሜ። ኮምቦልቻ ተወልጄ አድጌ አሁን በውጭ አገር በአንድ የልብ ኤሌክትሮፊዚዮሎጂ ቤተ ሙከራ ውስጥ እሠራለሁና የመጀመሪያውን ጥያቄህን ልሞክረው፤ ፍየልን ማንሳትህም መልካም ነው፣ ምክንያቱም የእናትህን ሕመም በተመለከተ ከተሠሩት ሙከራዎች ሁሉ ዋነኛው የተሠራው በፍየል ላይ ነው።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር እናስቀምጥ። እያንዳንዱ የልብ ጡንቻ ሴል ሶዲየም ወደ ውስጥ ሲገባ ይቀሰቀሳል፣ ካልሲየም ሲገባ በዚያው ሁኔታ ይቆያል፣ ፖታሲየም ሲወጣ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል፤ ወደ ዕረፍቱ እስኪመለስ ድረስ ሌላ ቅስቀሳ አይቀበልም። የተቃጠለ ሜዳ ሳሩ ዳግመኛ እስኪበቅል እሳት እንደማይይዘው ማለት ነው። ጆርጅ ማይንስ እ.ኤ.አ. በ1913 ከልብ ሥጋ በተቆረጠ ቀለበት ላይ እንዳሳየው፣ ሞገዱ ዝግ ካለ ወይም የሴሎቹ ማገገሚያ ጊዜ ካጠረ፣ ሞገዱ ዞሮ ወደተነሳበት ሲደርስ ያገገመ ሥጋ ያገኝና እንደገና መዞር ይጀምራል። በኤትሪያል ፊብሪሌሽን ጊዜ በላይኛው የልብ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያሉ በርካታ ሞገዶች ሥርዓት አጥተው ይዞራሉ፤ ወደ ታች የሚያልፈው ምት ጣትህ የማይገምተውም ስለዚህ ነው።

ወደ ፍየሎቹ ስመለስ፣ ሞሪስ አሌሲ የሚመሩት በኔዘርላንድ የሚገኘው የማስትሪክት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ሥራ በፍየሎች የላይኛው የልብ ክፍል ላይ ኤሌክትሮዶች ሰፍቶ፣ ፊብሪሌሽኑ በቆመ ቁጥር መልሶ የሚቀሰቅስ መሣሪያ አገናኘላቸው። መጀመሪያ ላይ መዛባቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ በራሱ ይቆም ነበር። ቀናት እየተቆጠሩ ሲሄዱ ግን ዕድሜው ረዘመ፣ በመጨረሻም በአብዛኞቹ ፍየሎች ከ24 ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ የሚቆይ ሆነ፤ ምክንያቱም መዛባቱ ራሱ የሴሎቹን ማገገሚያ ጊዜ አሳጥሮ ለራሱ መንገድ ይጠርግ ነበር። ልቡ ወደ ትክክለኛው ምት ሲመለስ ይህ የኤሌክትሪክ ለውጥ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ተቀልብሷል። መዛባት መዛባትን ይወልዳል የሚለው ግንዛቤ፣ ሐኪሞችም ሕክምናውን ቶሎ እንጀምር የሚሉበት አንዱ ምክንያት፣ ከእነዚህ ፍየሎች የመጣ ነው።

ሆኖም እነዚያ ፍየሎች ቫልቫቸው ጤነኛ ነበር። የእናትህ የግራ የላይኛው የልብ ክፍል በጠበበው ቫልቭ የተነሳ ለዓመታት ተለጥጧል፣ በሴሎቹ መካከልም ጠባሳ ሳይበቅል አይቀርም፤ ጠባሳ ደግሞ እንደ ኤሌክትሪኩ ለውጥ በሳምንት አይቀለበስም። ይህን ክፍተት መሙላት ያለበት እንዲህ ያለውን ልብ በየቀኑ ከሚያይ አገር የሚወጣ ተመራማሪ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ከአማካሪህ ጋር አልስማማም። ለአሁኑ ግን በኮምፒውተር ጀምር። የልብ ሴል የኤሌክትሪክ ሒሳባዊ ሞዴሎች በነፃ ይገኛሉ፤ ኤምአይቲ ቢአይኤች በሚባለው ነፃ ስብስብ ውስጥም እያንዳንዳቸው የግማሽ ሰዓት ርዝመት ያላቸው 48 የኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምዝገባ) ቅጂዎች፣ እያንዳንዱ ምት በባለሙያ ምልክት ተደርጎበት፣ ተቀምጠዋል።

መልስ፦ ሐኪም ከወልድያ

ወንድሜ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከቤተ ሙከራ ወደ ሕመምተኛ አልጋ ያለው መንገድ ቀጥ ያለ እንዳይመስልዎ አንድ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) በኋላ የሚመጡትን ትርፍ ምቶች የሚያጠፉ ፍሌካይናይድና ኢንካይናይድ የተባሉ መድኃኒቶች በሰፊው ይታዘዙ ነበር፤ ትርፍ ምት ከጠፋ ሞት ይቀንሳል የሚለው ግምትም ምክንያታዊ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ካስት የተባለው ጥናት ግን መድኃኒቶቹን የወሰዱት ሰዎች ካልወሰዱት ይልቅ ብዙ እንደሞቱ አሳየ። ምቱ በኢሲጂ ወረቀት ላይ ተስተካክሎ ሕመምተኛው ሊሞት ይችላል። አይጥ ላይ የተሠራ ሥራ ሲያነቡም የአይጥ ልብ በደቂቃ 600 ጊዜ ያህል እንደሚመታ፣ ወደ ዕረፍት የሚመለስባቸው የፖታሲየም መተላለፊያዎችም ከሰው እንደሚለዩ ያስታውሱ።

በሌላ በኩል ቤተ ሙከራው ያተረፈውም ብዙ ነው። ለአለርጂ ይሰጥ የነበረው ተርፌናዲን ጤነኛ ልብ ባላቸው ሰዎች ላይ ሳይቀር አደገኛ የምት መዛባት ያስከትል ነበር፤ ምክንያቱ ኸርግ የተባለውን የፖታሲየም መተላለፊያ መዝጋቱ መሆኑ የታወቀው በቤተ ሙከራ ነው። ዛሬ አዲስ መድኃኒት ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በዚህ መተላለፊያ ላይ ይፈተናል። ይህ ለእኛ ሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ በባቲና በቃሉ ቆላ ለወባ ሲሰጡ የኖሩት ክሎሮኪንና ኪኒን የልብን ምት ይነካሉ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ቬንክባኽ የተባሉት ሐኪም የፊብሪሌሽን መድኃኒትን ፍንጭ ያገኙት ኪኒን ስወስድ ልቤ ይረጋጋል ካላቸው አንድ ነጋዴ ነበር፤ ከዚያም ኪኒዲን መጣ።

እናትዎን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ጥፋት ይሆንብኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት በሩማቲክ የልብ በሽታ (እንደ እናትዎ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በሚነሳው) የመጣ ፊብሪሌሽን ያለባቸውን 4,500 ያህል ሰዎች ተከታትሎ፣ እንደ ዋርፋሪን ያሉትን የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒቶች የወሰዱት አዲሱን ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ያነሰ ሞት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። ስለዚህ ሰው አዲሱ ይሻላል ቢላቸው ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ዋርፋሪናቸውን እንዳይተዉ። በጾም ወራት የጎመን መጠን በድንገት ሲጨምር የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንሳልና ጎመኑን ሳይከለክሉ መጠኑን እኩል ያድርጉላቸው፤ የአይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚለካው) ምርመራውም አይዘግይ።

መልስ፦ ሰኞ ገበያ

ከሃያ ዓመት በላይ በፊዚዮሎጂ ቤተ ሙከራ ቴክኒሻንነት የሠራሁ ሰው ነኝ። በኮምፒውተር ጀምር በተባለው ላይ ቅሬታ አለኝ፤ ልጄ፣ ልብን በእጁ ሳይዝ ስለ ልብ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ስህተቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ደሴ ውስጥ በግ ሞልቷል። ፑርኪንዬ እ.ኤ.አ. በ1839 ዛሬ በስሙ የሚጠሩትን ክሮች ያየው በበግ ልብ ውስጥ ነው። ከቄራ የመጣውን ልብ የግራውን የታችኛ ክፍል በርዝመቱ ብትሰነጥቀው፣ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ የተዘረጉ፣ ከቀዩ ሥጋ ነጣ ያሉ፣ ፈትል የሚያካክሉ ጅማት መሰል ነገሮች ታያለህ፤ ምቱን ወደ ታች የሚያደርሱት ክሮች በእነዚያ ውስጥ ያልፋሉ። ዴኒስ ኖብል እ.ኤ.አ. በ1960 የመጀመሪያውን የልብ ሴል የኮምፒውተር ሞዴል ሲያወጡ የለኩት ከለንደን ቄራ በማለዳ ያመጡትን የበግ ልብ ነበር። ኮምፒውተሩና ቄራው አብረው የሄዱ ናቸው እንጂ አንዱ ሌላውን አልተካም።

ከበጉ እንደወጣ በቀዝቃዛ መፍትሔ ውስጥ ካስገባኸው፣ ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ሥር (አኦርታ) በኩል ቱቦ አስገብተህ ሞቅ ያለና ኦክስጅን የተሞላ መፍትሔ ብታሳልፍበት እንደገና ይመታል። ላንገንዶርፍ ይህን ዘዴ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። ግፊቱን የሚሰጥህ ፓምፕ ሳይሆን ከፍታ ነው፤ ጠርሙሱን ከልቡ አንድ ሜትር ከፍ አድርገህ ብትሰቅለው ከ73 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በላይ ታገኛለህ። ለበግ ልብ ብዙ ሊትር መፍትሔ ስለሚያስፈልግ በጥንቸል ልብ ብትጀምር ይሻላል።

ውሃህን ግን ተጠንቀቅ። ሲድኒ ሪንገር መጀመሪያ የእንቁራሪት ልብ በጨው ውሃ ብቻ ይመታል ብሎ ጽፎ ነበር፤ በኋላ ሲያጣራ መፍትሔው የተዘጋጀው በለንደን የቧንቧ ውሃ ሆኖ ተገኘ። በተጣራ ውሃ ሲሠራ ልቡ ቆመ፤ የጎደለው ካልሲየም ነበር። እኔም በሠራሁበት አንድ ተቋም የውሃ ማጣሪያው ተበላሽቶ ሳይነገረን አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ የተሳሳተ መፍትሔ ስናዘጋጅ ከርመናል፤ የተማሪዎቹ መረጃ በሙሉ ተጣለ፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መብራት ሲጠፋም መፍትሔውን የሚያሞቀው የውሃ መታጠቢያ ይቀዘቅዛል፣ ልቡ ሲቀዘቅዝ ምቱ ዝግ ይላል፣ አንተ ደግሞ መድኃኒቱ ነው የዘገየው ብለህ ትጽፋለህ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ልኬት ጎን የሙቀት መጠኑን ጻፍ።

ምላሽ፦ ከቶሳ ግርጌ

ሦስታችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ዶክተር፣ የዋርፋሪኑን ነገር ለእናቴ ቁጭ ብዬ አንብቤላታለሁ፤ የጎመኑንም ተነጋግረንበታል። ጋሼ፣ እንዳሉኝ ቅዳሜ ሳይነጋ ቄራ ሄጄ የአንድ በግ ልብ በበረዶ በቀዘቀዘ መፍትሔ ይዤ መጣሁ። እንዳሉት ልብን በእጄ ያዝሁ። ከወጣ በኋላ ሳህን ላይ አድርጌ ሳየው የታችኛው ክፍል ቀጥ ብሎ ሳለ የቀኙ የላይኛው ክፍል ጥግ ብቻውን፣ በጣም ዝግ እያለ፣ መኮማተሩን አላቆመም ነበር። አስራ አንድ ጊዜ ቆጠርሁ።

ለአማካሪዬ ያቀረብሁት ርዕስ በጥንቸል ልብ ላይ ክሎሮኪን የምቱን ፍጥነትና ወደ ዕረፍት የሚመለስበትን ጊዜ እንዴት እንደሚለውጥ የሚያይ ሆኖ፣ ከነፃ የኮምፒውተር ሞዴል ጋር የሚነጻጸር ነው። እንደገና ሊያነቡት ተስማምተዋል። አሁን የጎደለኝ ሙቀቱን በ37 ዲግሪ የሚጠብቅ የውሃ መታጠቢያ ነው፤ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ሐይቅ አካባቢ ሳይሠራበት የተቀመጠ የምታውቁ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ፤ ለመብራት መጥፋት የሚሆን ባትሪ አግኝቻለሁ።