ፀጉር ሲታጠብ «ይደነግጣል» ወይ?

የፒያሳዋ፦ ትናንት ፀጉሬን ልሠራ ሄጄ ተናድጄ ነው የወጣሁት። በየሳምንቱ እንደምታጠብ ስነግራት ሠሪዋ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ናቹራል ፀጉር ቶሎ ቶሎ ሲታጠብ ይደነግጣል። በወር አንዴ ይበቃዋል። አላድግ ያለሽ ለዚህ ነው» አለችኝ። እኔ ከፎረፎር የተገላገልኩት እኮ በየሳምንቱ መታጠብ ስጀምር ነው!

እመዋ፦ ልጅቷ እውነቷን ነው። አያቴ ሻምፑ የሚባል ሳታውቅ፣ ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ ጣል እያደረገች ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ነበር። እናንተ በየሳምንቱ እያጠባችሁ ትከሻ አልደረሰላችሁም።

ነርሷ፦ «ይደነግጣል» ማለት ምን ማለት ነው? ከቆዳ በላይ የወጣ ፀጉር ሕይወት የለውም። ሲቆረጥ የማያመን ለዚህ ነው። የሚያድገው ከሥሩ ነው፤ በወር 1 ሳንቲ ሜትር ከምናምን፣ በዓመት 15 ቢሆን ነው። ውሃ ነካው ብሎ እድገቱ አይቆምም።

እመዋ፦ ሕይወት ከሌለው ታዲያ ስታጠብ እጄ ላይ የሚቀረው ምንድን ነው? ደንግጦ አይደል?

ነርሷ፦ እመዋ፣ ከማንም ሰው ራስ ላይ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፋል። ሹሩባ ተሠርተሽ ወር ስትቆዪ የረገፈው እዚያው ተይዞ ይቆያል። ስትፈቺና ስትታጠቢ ባንዴ ይወጣል። የወር ጥርቅም ነው እንጂ ውሃው የነቀለው አይደለም።

ሹሩባ ሠሪ፦ እኛን ባታንቋሽሹን ደስ ይለኛል። 11 ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። «ደነገጠ» ስንል ደረቀ፣ ተሰባበረ ማለታችን ነው። በየሳምንቱ የምትታጠብ ደንበኛ በየሳምንቱ በፎን አድርቂልኝ፣ በፒያስትራ ተኩሺልኝ ትላለች። ፀጉሩን የሚጨርሰው እሳቱ ነው።

የፒያሳዋ፦ እኔ ፎን አላስደርግም! ጠይቃኝ ቢሆን እነግራት ነበር። እሳቱ ከሆነ ጥፋተኛው፣ እሳቱን ተዪ ይባላል እንጂ መታጠቡን ተዪ ይባላል?

ሹሩባ ሠሪ፦ እሱስ ልክ ነሽ። መጠየቅ ነበረባት።

የሪያድ ልጅ፦ እዚህ ሙቀቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ፀጉሬ በሻሽ ታስሮ፣ በላብ ርሶ ነው የምሠራው። ወር ብቆይ ራሴን ልቧጭረው ነው። በሳምንት ሁለቴ እታጠባለሁ፤ አንዱን በሻምፑ፣ ሌላውን በኮንዲሽነር ብቻ። አልተሰባበረብኝም።

ከአያት፦ እኛ አያት ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ሌሊት። በጀሪካን ቀድቶ ለሚታጠብ ሰው በሳምንት ሁለቴ ብሎ ነገር የለም።

ነርሷ፦ ሁለቴ ግዴታ አይደለም። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ለጥቁር ሰው ፀጉር የሚመክረው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። ጥቅልል ፀጉር ላይ የራስ ወዝ እስከ ጫፉ አይወርድም፤ ቶሎ ይደርቃል። በየቀኑ አትጠቡት የሚባለው ለዚህ ነው። ወር ግን በዛ።

እመዋ፦ አሜሪካ ስለ ሐበሻ ፀጉር ምን ያውቃል?

የሪያድ ልጅ፦ እመዋ፣ የትኛው ሐበሻ? የእኔና የእህቴ እንኳ አይመሳሰልም። የእሷ ዞማ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ወዙ ፊቷ ላይ ይወርዳል። የእኔ ከርዳዳ ነው፤ ላብ እንጂ ወዝ ንክች አይለውም።

ነርሷ፦ ሌላም አለ። ፎረፎር ያለበት ሰው ቅቤውን የራስ ቆዳው ላይ ባያደርገው። ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ ቅባት ነው የሚመገበው። ጫፉን ይቀባ፤ ከዚያ በደንብ ይታጠብ።

እመዋ፦ ቅቤ ላይ እንዳትመጪብኝ! እናቴ በቅቤ ነው ያሳደገችኝ። አናት የሚያርሰው፣ ራስ ምታት ያበርዳል ስንለው የኖርነው ቅቤ ዛሬ የፈንገስ ቀለብ ሆነ?

ነርሷ፦ ፎረፎር ላለበት ነው ያልኩት እመዋ።

ሹሩባ ሠሪ፦ ስለ ማጥበቅስ ለምን አታወሩም? ስንት ልጅ ናት ግንባሯ ላይ የሳሳባት! «ጠበቅ አድርጊው፣ ይቆይልኝ» ይሉኛል። አጥብቄ ስለሠራሁ የሄደች ደንበኛ የለችም፤ አላጠብቅም ስላልኩ ግን ሄደዋል።

ከአያት፦ ቅቤውን የሚቀቡ ሰዎች፣ በቀዝቃዛ ውሃ በምን ይለቅላችኋል? እኔ ሦስቴ አጥቤው ትራሴ ይሸታል።

እመዋ፦ ለብ ባለ ውሃ ነዋ። ደግሞ ጥሩ ቅቤ አይሸትም።