ወንድሜ ዝውውር እየጠበቀ ነው፣ ውስጥ ያለው ኑሮ እንዴት ነው?

የዘጌዋ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ባሕር ዳር ታስሮ ነው ያለው። ክሱ አልቆ ተፈርዶበታል፣ አሁን ስሙ ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ለዝውውር ተይዟል። አንዴ ጎንደር ይባላል፣ አንዴ ደብረ ታቦር። መቼ ስል «ሲደርስ» ነው መልሱ። ልጠይቀው ስሄድ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ከማለት በቀር ምንም አይነግረኝም፣ ግን ከስቷል። እናታችን ዘጌ ናት፣ ስንቅ ይዛ በጀልባ ትመጣለች። ጎንደር ከሄደ ግን ያን ሁሉ መንገድ በምን አቅሟ እንደምትችለው እንጃ። እዛ ውስጥ ቀኑ እንዴት ነው የሚያልፈው? ብርድ ልብስ ላስገባለት ስል ጓደኛዬ «ነገ ሊሄድ ይችላል፣ ተይው» አለችኝ። ያለፈበት ሰው ካለ እውነቱን ንገሩኝ፣ አታባብሉኝ።

አባይ ማዶ
እህቴ፣ እኔ የታሰርኩት ባሕር ዳር አይደለም፣ ዝውውር ግን ጠብቄያለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ በር ይከፈታል፣ ቆጠራ አለ፣ ከዛ የሽንት ቤት ሰልፍ፣ ከዛ ሻይና ዳቦ። ምሳ እንጀራ ነው፣ በሽሮ ወይ በክክ። 11 ሰዓት ላይ እንደገና ተቆጥረሽ በር ይዘጋል፣ እስኪነጋ ድረስ። ረጅሙ እሱ ነው፣ ቀኑ ምንም አይልም።

ዝውውር የሚጠብቅ ሰው ችግሩ ሌላ ነው። የመኝታ ቦታ በተራ ነው የሚገኘው። አዲስ የገባ በር አጠገብ ወይ መተላለፊያው ላይ ይተኛል፣ ሰው ሲፈታ ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ተሻለ ቦታ ይገባል። ስምህ ለዝውውር ተይዞ ከሆነ ግን ካቦው፣ የእስረኞቹ አለቃ ማለት ነው፣ «አንተማ ሂያጅ ነህ» ይልህና ተራህ ሲደርስ ያልፍሃል። ሥራም እንደዛው፣ ነገ ለሚሄድ ሰው ማን የሽመና ክር ይሰጠዋል? ሌላው ቀርቶ ልብስ ማጠብ ትፈራለህ፣ እርጥቡን በፌስታል ይዘህ መኪና ላይ ልትወጣ ነዋ። እቃህን ጠቅልለህ ትተኛለህ፣ ጠዋት ስም ሲጠራ የበላኸው አይወርድልህም፣ ሳትጠራ ስትቀር ደግሞ ደስ ይበልህ ይክፋህ አታውቀውም። ወንድምሽ የከሳው በምግብ ላይሆን ይችላል።

ብርድ ልብሱን አስገቢለት! ይዞት ይሄዳል እኮ። ቀጭን ሆኖ ማዳበሪያ ውስጥ የሚጠቀለል ይሁን። ከባሕር ዳር ለወጣ ሰው ጎንደርም ይበርዳል፣ ደብረ ታቦር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ፍራሽ ግን አትግዢ፣ ጥሎት ነው የሚሄደው።

የሁለት ልጆች እናት
ልጄ፣ እኔ ባለቤቴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። አባይ ማዶ በነገረሽ ላይ ልጨምርበት። ዓሣ አትውሰጂለት፣ ሰልፍ ላይ ቆመሽ በዚህ ሙቀት ይበላሽብሻል፣ ፈታሾቹም ከሁሉ ምግብ ቅመሺ ነው የሚሉሽ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ ይሻላል። እነዚህ መኪናም ይወጣሉ፣ መንገድም ይበላሉ። ደግሞ ብቻውን እንዳይመስልሽ የሚበላው፣ አብረውት የሚቀርቡ አሉ፣ ጠያቂ የሌለውም አለ። ስንት እንደሆኑ ጠይቂውና በዛ ልክ ቋጥሪ። ሳሙና አብዢለት። ክረምቱ ሲወጣ ጣና ዳር ወባ ይበዛል፣ አጎበር ካስገቡልሽ እሰየው። መድኃኒት ካለው በእጁ አትስጪው፣ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር ለክሊኒኩ አስረክቢ።

ትልቁን ነገር ልንገርሽ። ሰልፍ ላይ ከሚቆሙት ሴቶች ጋር ስልክ ተለዋወጪ። መኪናው መውጣቱን ከማንም ቀድመሽ የምትሰሚው ከእነሱ ነው። እኔ ባዶ ግቢ ስንቅ ይዤ እንዳልቆም ያደረገችኝ አንዲት የአዴት ሴት ናት፣ እግዜር ይስጣት። ስልክሽን ደግሞ ወንድምሽ በቃሉ ይያዘው። ወረቀት ይጠፋል።

ሕግ ያነበበ
ጠበቃው አይደለሁም፣ መዝገቡንም አላየሁም፣ ግን ሦስት ነገር ጠይቂ። ይግባኝ ብሏል ወይ? በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የይግባኝ ማስታወቂያው በ15 ቀን ውስጥ ነው የሚገባው፣ ማመልከቻው ደግሞ የፍርድ ግልባጩ ከደረሰው በኋላ በ30 ቀን። እስረኛ በማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በኩል ማቅረብ ይችላል። ይሄ ጊዜ ዝውውር መሃል ላይ ቢወድቅ የሚከታተለው ሰው አይኖርም፣ ስለዚህ አንቺ ግልባጩን ያዢ።

ሁለተኛ፣ ከፍርድ በፊት የታሰረበት ጊዜ ከቅጣቱ ላይ ይታሰብለታል። አመክሮም፣ ማለትም ቅጣቱ ሳያልቅ በመልካም ጠባይ መፈታት፣ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛው ካለቀ በኋላ ይታያል። ታዲያ የተያዘበት ቀን በማኅደሩ ላይ በትክክል መጻፉን ከመሄዱ በፊት አረጋግጡ። አዲሱ ቦታ ከደረሰ በኋላ ለማስተካከል መመላለስ አለ፣ ያውም ሌላ ከተማ።

ሦስተኛ የእናትሽ ጉዳይ። የማንዴላ ደንቦች የሚባሉት በ2015 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቁት፣ እስረኛ በተቻለ መጠን ለቤቱ ቅርብ ይሁን ይላሉ፣ ሲዛወርም ወዲያው ለቤተሰቡ ማሳወቅ መብቱ ነው ይላሉ። በቤተሰብና በጓደኛ መጠየቅ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ላይ አለ። ከእናትሽ ቀበሌ ዕድሜዋንና አቅሟን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፊና ከማመልከቻ ጋር ለአስተዳደሩ አስገቢ። ይቀበሉታል ብዬ ቃል አልገባልሽም።

ቆሎ በሻይ
ማመልከቻ ምን ይሠራል ወዳጄ? ቦታ ሲሞላ የሚጭኑት የተገኘውን ነው።

ሕግ ያነበበ
ሊሆን ይችላል። አንድ ገጽ ወረቀት ግን ምን ያስከፍላታል? ዘንድሮ ባይሠራ፣ በኋላ ወደ ቅርብ ልመለስ ብሎ ሲጠይቅ ከማኅደሩ ጋር የሚያያዝ ነገር ይኖረዋል።

የዘጌዋ ልጅ
ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። ዛሬ ሄጄ ነበር፣ ስንት ሆናችሁ ነው የምትበሉት ስለው ሳቀ፣ «ማን ነገረሽ» አለኝ። ስድስት ናቸው። የተያዘበትን ቀን ጉዳይም ነግሬዋለሁ፣ ጽሕፈት ቤት እጠይቃለሁ ብሏል። ብርድ ልብሱን ነገ ልገዛ ነው፣ ቀለም ይመርጣሉ እንዴ?

አባይ ማዶ
አዎ፣ የወታደር ወይ የፖሊስ ልብስ የሚመስል አይሁን፣ በር ላይ ይመልሱብሻል። ጥግ ላይ ስሙን በክር ስፊበት፣ መኪና ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው።