ለማረሚያ ቤት ስራ ኢንተርቪው "አለቃህን ትታዘዛለህ?" ሲሉ ምን ይባላል?

ጠያቂ፦ ሰላም፣ ለማረሚያ ቤት ጥበቃ አመልክቼ ኢንተርቪው ተጠርቻለሁ። "የማትስማማበት ትእዛዝ ቢሰጥህስ" የምትለዋ ጥያቄ አትቀርም አሉኝ። ዝም ብዬ እታዘዛለሁ ካልኩ አጎብዳጅ ልመስል ነው፣ አልታዘዝም ካልኩ ደሞ አበቃልኝ። ምን ልበል?

መልስ 1፦ አለመስማማት ሌላ ህገወጥ ትእዛዝ ሌላ፣ መጀመሪያ እሱን ለይላቸው። አለቃህ የእስረኛ ቆጠራውን ድገመው ካለህ ጊዜ ማባከን ቢመስልህም ትደግመዋለህ፣ ሀሳብ ካለህ ሺፍት ሲያልቅ ለብቻው ትነግረዋለህ። እስረኛ ፊት ከአለቃ ጋር መጨቃጨቅማ እንዳታስበው፣ እናንተ መሀል ክፍተት እንዳለ ካዩ በሷው ነው የሚገቡት። ግን እጁ የታሰረ ሰው ምታ ቢልህ አትመታም፣ ለበላዩ ሪፖርት ትጽፋለህ። ይሄንንም ሳትፈራ ንገራቸው።

መልስ 2፦ የኔልሰን ማንዴላ ደንቦችንም አንብብ፣ ስለ እስረኛ አያያዝ ተመድ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው ነው። ማሰቃየትን ይከለክላል፣ ሰውን ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ለብቻ ማሰርንም እንደዛው። አንዱን ብትጠቅስ በደንብ ተዘጋጅተህ እንደመጣህ ያዩታል፣ ብቻ ሌክቸር አታድርገው።

መልስ 3፦ ከድሮ ስራህ አንድ እውነተኛ ምሳሌ ያዝ፣ ያልወደድከውን ትእዛዝ እንዴት እንደፈጸምክ። የድሮ አለቃህን ግን አትማ በናትህ፣ ነገ እኛንም ያማናል ነው የሚሉት።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። አለቃዬ በእድሜ ከኔ ቢያንስስ ካሉኝ?

መልስ 1፦ የማከብረው ማእረጉን ነው በላቸው፣ አታስረዝመው።