ከፍየል ጨጓራ ፓራይታል ሴል ለምን አይታይም?

የከዚራው፦
ለሂስቶሎጂ (የሕብረ ሕዋስ ጥናት) ልምምድ በሰው ጨጓራ ፋንታ የፍየል እየተጠቀምን ነው። ከቄራ የመጣውን በ10% ፎርማሊን አቆይተን፣ ቆርጠን፣ በሄማቶክሲሊንና በኢዮሲን ቀለም ነከርነው። አሲድ አመንጪው ፓራይታል ሴል የለም፣ ፔፕሲኖጅን (የፕሮቲን መፍጫ ኢንዛይም መነሻ) አመንጪው ቺፍ ሴል የለም። እንደ ቆዳ የተደራረበ ሽፋን ብቻ ነው የሚታየው። ችግሩ ቀለሙ ነው ፎርማሊኑ?

ስላይድ ሐረር፦
አቦ ቀለሙን ተወው፣ ስህተቱ የቆረጣችሁት ቦታ ላይ ነው። ዱለት ውስጥ የሚገባው ጨጓራና የሰው ጨጓራ ስማቸው እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም። ፍየል አራት ክፍል አላት። ሥጋ ሻጭ ጨጓራ የሚለው ትልቁ ሩመን፣ የማር እንጀራ የሚመስለው ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ ሽንፍላው፣ ውስጣቸው ስኩዌመስ ኤፒተሊየም (ያ እንደ ቆዳ የተደራረበው ሽፋን) ነው፤ እጢ የላቸውም። አሲድና ፔፕሲኖጅን የሚያመነጨው አራተኛው፣ አቦማሰም ነው። ከሽንፍላው ቀጥሎ፣ ወደ ትንሹ አንጀት ሲወረድ ታገኙታላችሁ፤ ውስጡ ያሙለጨልጫል፣ ሰፋፊ እጥፋትም አለው። ከእጥፋቱ ላይ ውሰዱ። ወደ ፓይሎረስ (ወደ አንጀት መውጫው) ከተጠጋችሁ ፓራይታሉ ይመናመንና ንፍጥ አመንጪ እጢ ብቻ ይቀራል።

ፎርማሊን፦
ቦታው ቢስተካከልም የድሬ ሙቀት ሌላ ጣጣ ነው። ደም ከቆመ በኋላ ሴሎቹ በራሳቸው ኢንዛይም ይበሰብሳሉ፣ ቀድሞ የሚሄደውም የላይኛው ሽፋን ነው። ስለዚህ ፎርማሊኑን ይዛችሁ ቄራ ሂዱ። በ0.9% የጨው ውሃ በቀስታ አለቅልቁ፤ እንደ ሽንፍላ ካሻችሁት የንፍጥ ሴሎቹ ተልጠው ይሄዳሉ። ካርቶን ላይ ወጥራችሁ በእስፒል ያዙ፣ ካልሆነ ይጠቀለላል። ውፍረቱ ከ5 ሚሊሜትር አይብለጥ፣ ፎርማሊኑ የናሙናውን 10 እጥፍ ይሁን፣ 24 ሰዓት ይቆይ። አዘገጃጀቱ፦ 100 ሚሊ የገበያ ፎርማሊን ከ900 ሚሊ ውሃ ጋር፣ 4 ግራም ሞኖሶዲየም ፎስፌትና 6.5 ግራም ዳይሶዲየም ፎስፌት ጨምሩ። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ።

ስላይድ ሐረር፦
አንድ ነገር ልጨምር። ምላጩ ለሽፋኑ ቀጥ ብሎ፣ ከላይ ወደ ታች ይለፍ። በአግድም ካለፈ እጢዎቹ ክብ ክብ ሆነው ይቀራሉ፣ አንገትና ስር አይለይም። በ40 ኦብጀክቲቭ አንገቱ አካባቢ ትልልቅ፣ ሮዝ፣ ኒውክለሳቸው መሃል ላይ ያለ ሴሎች ፓራይታል ናቸው። ስሩ ላይ ሐምራዊ፣ ኒውክለሳቸው ወደ ታች የተገፋ ካያችሁ ቺፍ ናቸው። ፎርማሊኑ ከዘገየ የቺፍ ቅንጣቶች ስለሚጠፉ አረፋ መስለው ይገረጣሉ። በእጢዎች መካከል የሚያልፉ ቀጫጭን ሮዝ ክሮች ደግሞ ጡንቻ ናቸው፤ ተማሪ እነሱን ፓራይታል ሲል ተደጋግሞ ይሰማል። ጂ ሴልን (ጋስትሪን ሆርሞን አመንጪውን) በዚህ ቀለም አትፈልጉ፤ በኢሚዩኖ (በአንቲቦዲ በሚሠራ ቀለም) ነው የሚለየው፣ ቦታውም አንትረም (ከፓይሎረስ አጠገብ ያለው ክፍል) ነው።

የከዚራው፦
ገባኝ። የሩመኑን ስላይድ እንጣለው?

ፎርማሊን፦
አትጣሉት። ለስኩዌመስ ኤፒተሊየም ክፍል ይሆናል፤ መለያ ወረቀቱ ላይ «ጨጓራ» ያላችሁትን ብቻ ፍቁና «ሩመን» በሉት።