«በዚያም እንጀራን ብላ»፦ አሜስያስ አሞጽን ምን ማለቱ ነው?

የኮዬ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ኮዬ ፈጬ፣ እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አለችን። ትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 7 ላይ ደርሰን አንድ ሐረግ አጨቃጨቀን። አሞጽ ከደቡቡ መንግሥት ከይሁዳ ወጥቶ የሰሜኑን መንግሥት እስራኤልን የሚገሥጽ ነቢይ ነው። እዚያ እስራኤል ውስጥ ያለው የቤቴል መቅደስ ካህን አሜስያስ «ባለ ራእዩ ሆይ» ብሎ ይጠራውና ወደ ይሁዳ ሽሽ፣ በዚያም እንጀራን ብላ፣ እዚያው ትንቢትህን ተናገር ይለዋል። አንዲት እህታችን «አዝኖለት ነው፤ እዚህ ከምትራብ አገርህ ገብተህ ብላ እያለው ነው» አለች። እኔን ግን ሽሙጥ ሸተተኝ። እንጀራው እዚህ ጋ ምግብ ነው ወይስ ሌላ?

ፊደል ገበታ፦
የራሳችንን አማርኛ ስማው እንጂ። «እንጀራ ፍለጋ ዐረብ አገር ሄደች» ሲባል እዚያ ምጣድ ተጥዶ ይጠብቃታል ማለት ነው? «እንጀራዬን አትዝጋብኝ»፣ «እንጀራ ይውጣልሽ»፣ «የእንጀራ ነገር ሆኖበት እኮ ነው»። ሁሉም መተዳደሪያ ነው። ዕብራይስጡ «ሌሔም» ይላል፤ ቤተ ልሔም ውስጥ ያለው ቃል። እዚያም የሚበላውንም መተዳደሪያውንም ይይዛል። ለአማርኛ አንባቢ ሐረጉ ማብራሪያ ሳይለጠፍበት ገብቶታል፤ ጥናታችሁ ላይ ግን ሳታስተውሉት አልፋችሁታል።

በነገራችን ላይ «ባለ ራእይ» ዛሬ ሙገሳ ሆኗል። አለቃን ማሞገሻ ነው። አሜስያስ አፍ ውስጥ ግን «አንተ ሟርተኛ» ዓይነት ቃና አለው።

የኔታ፦
የኮዬ ልጅ፣ አፍንጫህ አልዋሸህም ልጄ። ነገሩ ሽሙጥ ነው።

በዚያ ዘመን ባለ ራእይ ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም። ሳኦል የአባቱ አህዮች ጠፍተውበት ሳሙኤልን ሊጠይቅ ሲል መጀመሪያ ያሳሰበው ምን ይዤ ልሂድ ነው። ብላቴናው የሰቅል ሩብ ብር ባይዝ ኖሮ ሊመለሱ ነበር (1ኛ ሳሙኤል 9)። ሚክያስ ደግሞ ጉዳዩን አፍርጦታል። አፋቸው ውስጥ የሚበላ ሲገባ ሰላም ነው ይላሉ፤ ምንም ያላጎረሳቸው ላይ ጦርነት ያውጃሉ ይላል (3፥5)። አሜስያስ የሚያውቀው ነቢይ ይኸው ነው። ስለዚህ ለአሞጽ የሚነግረው ገበያ እንዲቀይር ነው። እስራኤልን የሚረግም ትንቢት ይሁዳ ውስጥ ደንበኛ አያጣም፤ እዚያ ሄደህ ሽጠው ማለቱ ነው።

ወረድ ብላችሁ ቁጥር 13ን ተመልከቱ። ቤቴል «የንጉሥ መቅደስ» ነው ይላል። የእግዚአብሔር ነው አላለም፤ አፉ አመለጠው። የቤቴሉን መሠዊያ የሠራው የመጀመሪያው ኢዮርብዓም ነው፤ የወርቁንም ጥጃ ያቆመው እሱ ነው። በአሞጽ ጊዜ ሁለተኛው ኢዮርብዓም ነግሧል፤ 8ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት። ያን ቤት ቤተ መንግሥት ይቀልበዋል፤ ካህኑም ከዚያው ይጎርሳል። ከዚያ ማዕድ የቀመሰ ሰው አሞጽ የተናገረውን ቢናገር ወጪት ሰባሪ ይባላል። አሞጽን ግን ወጪት ሰባሪ ሊለው አልቻለም፤ ከወጪቱ አልበላማ!

የኮዬ ልጅ፦
የኔታ፣ ዕድሜ ይስጥልን። እንዲህ ከሆነ «ነቢይ ወይም የነቢይ ልጅ አይደለሁም» የሚለው መልስ ምንድን ነው? አባቱ ነቢይ አልነበረም ማለት ብቻ ነው?

የኔታ፦
ልጅ እዚህ ደቀ መዝሙር ነው። 2ኛ ነገሥት 2 ላይ ኤልያስንና ኤልሳዕን ያገኟቸው «የነቢያት ልጆች» አሉ፤ እዚያው ቤቴል ውስጥ። ማኅበር ናቸው። አሞጽ እንጀራዬ በማኅበራችሁ በኩል አይመጣም፣ ስለዚህ በእንጀራ አታስፈራራኝ እያለ ነው። ሙያውንም ነገረው፤ ላም ጠባቂና ሾላ ለቃሚ ነኝ።

ወፍጮ ቤት፦
ታዲያ ንጉሡ የነቢያት የእንጀራ አባት ነበር በሉኛ!

ፊደል ገበታ፦
ይቺን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኳት።

ሾላው ላይ ግን እንቆይ፤ ለእኛ የቀረበ ነገር አለው። በዕብራይስጡ ሙያው «ቦሌስ» ነው። ቃሉ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው፤ የሚያመሳክሩት ሌላ ቦታ የለም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ዘመድ ቋንቋ ይፈልጉና ዐረብኛንና ግእዝን ያገኛሉ። ግእዙ የእኛው «በለስ» ነው። ጥንታዊው የግሪክ ትርጉም ደግሞ ሾላ «የሚጭር» አለው። ይህም ሥራውን ያሳያል። የዚያ አገር ሾላ ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ በስለት ጫር ወይም በሳ ይደረጋል፤ ያኔ ቶሎ ይበስላል። ዛፉ ላይ ወጥቶ ፍሬ በፍሬ ነው ሥራው። ወተቱ እጅ ላይ ይጣበቃል። አማርኛው «ለቃሚ» ሲለው መሬት የወደቀ የሚሰበስብ ይመስላል እንጂ ባለሙያ ነው።

ድሃ እረኛ ነበር የሚለውም ስብከት አያሳምነኝም። ምዕራፍ 1፥1 ላይ ከቴቁሔ መንጋ ጠባቂዎች አንዱ ሲባል ዕብራይስጡ «ኖቄድ» ነው። 2ኛ ነገሥት 3፥4 የሞዓብን ንጉሥ ሞሳን የሚጠራበት ቃል ያው ነው። ሞሳ መቶ ሺህ ጠቦት የሚገብር ሰው ነበር። አሞጽ ንጉሥ ነው አልልም። ግን እጁ ያጠረው ሰው አይመስለኝም።

የኮዬ ልጅ፦
በቃ፣ ለሳምንት መልሴን አገኘሁ። ዛሬ መንገድ ዳር ባነሩ ሁሉ «ነቢይ እገሌ» ነው። ትዳር ይናገራል፣ ቪዛ ይናገራል። ከታች የባንክ ሒሳብ ቁጥር። አሜስያስ ቢያያቸው «እንዲህ ነው እንጂ!» ይል ነበር።

ደላላው፦
ቆይ ቆይ። ለገጣፎ ነው ያለሁት፣ ሥራዬ ቤትና ቦታ ማገናኘት ነው። ሁላችሁም ተሰብስባችሁ ሰባኪ ላይ ዘመታችሁ። ይቀላላ! መጽሐፉን አንብቤዋለሁ። አሞጽ ካህኑን ያገኘው አንድ ጊዜ ነው። የቀረው ምዕራፍ የሚጮኸው በማን ላይ ነው? በሚገዛና በሚሸጥ ምእመን ላይ። 8፥5ን አንብቡ። ነጋዴዎቹ ሰንበት አላልፍ ብሏቸው ተጨንቀዋል፤ መቼ አልፎ እህላችንን እንሸጣለን ይላሉ። ሰንበት አልሻሩም እኮ! ቁጭ ብለው አክብረዋል። እኛ ሰፈር እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ቆሞ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ሲንዘር ልቡ ቦታ ሊያይ የመጣው ገዢ ጋ የሚሄድ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ። ያንኑ ቦታ ለሁለት ሰው ያሳየ ይኖርበታል።

ወፍጮ ቤት፦
ይሄ ወንድማችን ልክ ነው። ቀጥሎ ያለው ደግሞ የእኔ ሰፈር ነገር ነው። መስፈሪያውን ማሳነስ፣ የብሩን ሚዛን ማክበድ፣ የስንዴውን ግርድ መሸጥ። «ግርድ»ን ከተማ ያደጉ ልጆች ከገለባ ይቀላቅሉታል። ገለባ አገዳው ነው። እብቅ ሲዘራ ነፋስ የሚወስደው ብናኝ። እንክርዳድ ሌላ ዘር ነው፣ ከስንዴው ጋ የሚበቅል አረም። ግርድ ግን ሲበጠርና ሲነፋ የሚለየው ቀጫጫ፣ ስብርባሪ ፍሬና አፈሩ ነው። እኛ ጋ ለዶሮ ይሄዳል። ምርቱን ከግርዱ መለየት የምንለው ከዚህ ነው። እና ግርዱን መልሶ ጆንያው መሀል የሚያስገባ አለ፤ አፉ ላይ ሙልት ያለው ስንዴ፣ መሀሉ አፈር።

መስፈሪያውም ያው ነው። ጣሳውን ገልብጣችሁ ቂጡን እዩት። ወደ ውስጥ ተመትቶ ጎድጉዶ ከሆነ፣ ከላይ ቢቆለልም ጎድሏል። የጣሳው ባለቤት ጾም አያፈርስም፣ ዓሥራትም ያወጣል።

ፊደል ገበታ፦
ዕብራይስጡ ግርድን «ማፓል» ይለዋል፤ «የወደቀ» ማለት ነው፣ ከወንፊት የወደቀ። አሞጽ ይህን ሁሉ ሲናገር አገሩ ጥጋብ ላይ ነበር፤ መቅደሱም ሙሉ ነበር። ምዕራፍ 5 ላይ በዓላችሁን ጠልቻለሁ፣ የዝማሬያችሁን ጩኸት አርቁልኝ የሚለው ለዚያ ጉባኤ ነው። የእስራኤል ዋና ከተማ ሰማርያ በ722 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ በአሦር እጅ ወደቀች።

ደላላው፦
የኔታ አንድ ልጠይቅዎት። 2፥8 ላይ በመሠዊያው ሁሉ አጠገብ ልብስ ዘርግተው ይተኛሉ የሚለው፣ ልብሱ የቀብድ ነው?

የኔታ፦
የመያዣ ነው ልጄ። ቀብድ ገዢ አስቀድሞ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። መያዣ ተበዳሪ ለዕዳው የሚያስይዘው። ድሃ ሌላ ስለሌለው የሚለብሰውን ያስይዛል። ሕጉ ፀሐይ ሳትገባ መልስለት ይላል፣ ሌሊት የሚለብሰው እሱኑ ነውና (ዘጸአት 22)። እነዚህ አልመለሱም፤ ያን ልብስ አንጥፈው ለጸሎት ተቀመጡበት።

ደላላው፦
ገባኝ። ቀብዱን እኛም እናውቀዋለን፤ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን እንደሚመልስ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ላይ አለ። የመያዣውን ግን ለአንድ አራጣ አበዳሪ ወዳጄ ልልክለት ነው።